ወደ የትኛው ማዕድ ልምጣ?

ጥቅምት 4

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ ጋሼስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔም ሰው እያናደደ ነው፣ ተመስገን።

አዎ፣ እውነት ነው፣ ወጥቻለሁ። «በሩን ወርውሮ ዘጋው» ብሎ የጻፈልሽ ሰው ግን ዋሽቷል። በሩ ራሱ ነው ከባድ። ማጠፊያው ዘይት አይቶ አያውቅም፤ ስንት ዓመት ተናገርኩ፣ ማን ሰማኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእኛ አጥቢያ አዲስ መጋቢ ተመርጦ የቀጠናው ጉባኤ ሊመረምረው ተጠራ። መቼም የፕሪስቢቴሪያን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ጳጳስ የለን፣ አለቃ የለን፣ ሽማግሌና መጋቢ ቁጭ ብሎ ድምፅ ይሰጣል፣ አለቀ። ሃያ ስምንት ሆነን ተቀመጥን። ተመርማሪው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትልቅ መነጽር ያለው፣ ሁለት ዲግሪ የጫነ ልጅ ነው። ባለመነጽሩ እንለዋለን። ሰው ሁሉ ስለ አስተዳደር፣ ስለ ወጣቶች፣ ስለ ምናምን ጠየቀው። እኔ ተነሳሁና «ልጄ፣ ጌታ በሥጋው ከመቃብር ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ የትንሣኤ ትርጉም ከባዶው መቃብር ይሰፋል» አለኝ።

«ስፋቱን አልጠየቅኩህም። ለስፋት ሜትር አለኝ። ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

«ጥያቄውን በዚህ መልክ ባናስቀምጠው ደስ ይለኛል።»

ሳቁ! ከኋላዬ አንዱ ለጎረቤቱ «ቧንቧ ሠራተኛው ዛሬ ፕሮፌሰር ሆኗል» ሲል ሰማሁት። ስምንተኛ ክፍልን አልጨረስኩም፣ ልክ ነው። የእምነት መግለጫችንን ግን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ እወጣዋለሁ። የተማርኩት በየሰዉ ማጠቢያ ስር ጋደም ብዬ፣ ወረቀቱን ከቱቦው ላይ ለጥፌ ነው። የእነሱ ዲግሪ ወንበር ላይ ነው የተገኘው፤ የእኔ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ።

ስለዚህ ተናገርኩ። ሞቶ የቀረን ሰው የምትሰብኩ ከሆነ እኔን አትቁጠሩኝ፣ ከእንግዲህ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብዬ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ወጣሁ። ብቻዬን። ሰው ሲወጣ እንዲህ ነው የሚወጣው!

አሁን ሠላሳ አራት ቤተሰብ «ምራን» ብሎኛል። ጓደኛዬ ልብስ ሰፊው፣ እሱም ሽማግሌ ነው፣ አዳራሽ ተከራይቷል። ድሮ የጎማ መጋዘን ነበር፤ ሽታው ገና አልለቀቀም። የኅዳር የመጨረሻ እሑድ እንጀምራለን። ጋሼ መጥቶ የመጀመሪያውን ስብከት እንዲሰጥልን እለምናለሁ።

እንግዲህ ይቅርታ። ከዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንቺና ጋሼ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ስትወጡ በሰው ፊት «ፈርጣጮች» ብያችኋለሁ። ተሳስቻለሁ። እኔ ይቅርታ ስጠይቅ አይተሽ ስለማታውቂ ይህንን ወረቀት አስቀምጪው።

ደግሞ አንድ ነገር። የጌታን ራት ስትካፈሉ ሁልጊዜ ትጽፊልኝ ነበር፤ ማን እንደዘመረ፣ ማን እንዳለቀሰ። ባለፉት ደብዳቤዎችሽ ምንም የለም። ምነው?

ወንድምሽ


ጥቅምት 15

አንተ ክብሪት፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ልጅህንና ባሏን ሳምልኝ። ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ከልደት ወረቀቴ ጋር ቆልፌበታለሁ።

ስንት እንደሆንን ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፣ ዘጠኝ ነን። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ስንወጣ መቶ ስልሳ ነበርን። ከዚያ በዜማ መሣሪያ ነገር ተለያየን፣ ቀጥሎ ልጆች በስንት ዓመታቸው ይጠመቁ በሚል። አሁን የምንሰበሰበው እኔ ሳሎን ነው። ከዘጠኙ ሁለቱ ተኮራርፈዋል፤ መዝሙር አንዱ ሲጀምር ሌላው አፉን ይዘጋል፤ ስለዚህ ሰባት ሆነን እንዘምራለን።

ባለቤቴ ደብዳቤህን ሁለቴ አንብቦ «በመጨረሻ ዓይኑ በራ» አለ። ይመጣል። ቅድመ ሁኔታዎቹን ግን በሌላ ወረቀት ጽፎ አብሮ ልኮልሃል። አላየሁትም ብልህ ውሸት ነው።

እኔ ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ሠላሳ ዓመት አዋልጃለሁ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ልጁ መውጣቱ አይቀርም ማለት አሁን ይውጣ ማለት አይደለም። ቶሎ ብሎ የወጣውን ስንቱን በጥጥ ጠቅልዬ ትንፋሹን ስቆጥር አድሬያለሁ። አትውጣ አላልኩህም። ጊዜው መድረሱን በምን አወቅክ ነው ያልኩህ። በንዴትህ ከሆነ፣ አንተ ስትወለድም ተናደህ ነው የወጣኸው፤ እናታችን ትመሰክር ነበር።

ልጁን ቤቱ ሄደህ አናግረው። በጉባኤ ፊት የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ለጉባኤው ነው።

ድምፁስ ስንት ለስንት ሆነ? ስንትና ስንት ገጽ ጽፈህ ይህቺን ዘለልካት።

ስለ ጌታ ራት የጠየቅከኝን ሌላ ጊዜ።

እህትህ


ጥቅምት 27

እታለም፣

እኔ አልሄድኩበትም፤ እሱ ጠራኝ። የወጥ ቤቱ ማጠቢያ አፈሰሰበት። አልሄድም ስል ባለቤቴ «ሂድ፣ መናፍቅም ውሃ ይጠጣል» አለችኝና ሳጥኔን አንስታ በር ላይ አስቀመጠችው።

እኔ ከማጠቢያው ስር ጋደም፣ እሱ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ባትሪ ያበራልኛል። መብራቱን ሁልጊዜ ከምፈልገው ቦታ አንድ ስንዝር ዘወር አድርጎ ነው የሚይዘው።

«ጋሼ፣ ይጠሉኛል?»

«አልጠላህም። መፍቻውን አቀብለኝ።»

«ይህ ነው?»

«እሱ ፒንሳ ነው። ስንት ዓመት ነው የተማርከው?»

ሳቀ። ሲስቅ ልጅ ነው። ከዚያ «ትንሣኤን አልካድኩም እኮ» አለ።

«አልካድክም። ቀለም ቀባኸው። የሚያፈስ ግድግዳ ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው በየቀኑ ያጋጥመኛል። ሁሉም ያምርለታል፣ ለአንድ ሳምንት።»

«አባቴን የቀበርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው» አለኝ። «አፈሩን ሳለብስ አየሁት። ከዚያ ወዲህ በሥጋ ይነሳል ልል ስል አፌ ይደርቃል። መዋሸት ስላልፈለግኩ ነው ትርጉም ትርጉም የምለው።»

እታለም፣ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅኩም። «ታዲያ ይህንን በጉባኤው ፊት ለምን አላልክም?» አልኩት።

«እርስዎ ይጮሁ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ሌላም ነገር ነገረኝ። ቱቦውን አጠበቅኩ፣ ውሃውን ከፈትኩ፣ ደረቅ ነው፣ ሳጥኔን ይዤ ወጣሁ። ያለኝን መጻፍ አያስፈልግም።

ብቻ አንጀቴን በላው ብለሽ አቋሜን የሻርኩ እንዳይመስልሽ። የሚጠራጠር ሰው አብሮኝ ይቀመጥ፣ አብረን እንጸልይ፣ እኔም ከጎኑ እቆማለሁ። መድረክ ላይ ቆሞ ጥርጣሬውን ለሕዝብ ይመግብ ግን አልልም። የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ይተኛል እንጂ ሐኪም ሆኖ አይቀጠርም።

ድምፁን ጠይቀሻል። አለፈ። ቁጥሩ ምን ያደርግልሻል? ስህተት በአንድም ቢያልፍ በመቶም ስህተት ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ቅድመ ሁኔታዎች ልምጣ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ደህና ናቸው። አራተኛው ምንድን ነው? «ካልተለዩት ያልተለየ፣ እርሱም እንዳልተለየ ይቆጠራል፤ ከማዕዱም ይከለከላል» ይላል። ልጄ የተዳረችው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ባሏም እዚሁ ይቀራል። ታዲያ ልጄ ጋ የሄድኩ ጊዜ እኔ ልከለከል ነው? ጋሼ ቀልድ ጀመረ እንዴ? በስልሳ አምስት ዓመቱ ከጀመረ አልፈርድበትም፣ ግን ይንገረኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 6

ወንድሜ፣

ቀልድ አይደለም።

ሚያዝያ ላይ ለልጅህ ሠርግ መጥቼ እናንተ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ሰማያዊውን ቀሚሴን ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ያኔ አቅፈኸኝ ስታለቅስ እኔም ያለቀስኩት ለሙሽራዋ ብቻ መሰለህ። ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ «ተቀመጥሽ ወይስ ቆመሽ ነው ያየሽው?» አለኝ። «ተቀመጥኩ፣ እግሬ ያመኛል» አልኩት። «አብረሻቸው ዘመርሽ?» «ዘመርኩ፣ ዜማውን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ወዲህ የጌታን ራት ቀምሼ አላውቅም።

እኛ በየወሩ ነው የምንቀበለው። ሰባት ጊዜ ሆነ። እኔው ጠርጌ፣ ወንበሩን እኔው ደርድሬ፣ ጨርቁን እኔው ተኩሼ አነጥፋለሁ። እሱ ሳህኑን ይዞ ከግራዬ ላለችው ይሰጥና በእኔ ላይ አሻግሮ ከቀኜ ላለው ያቀብላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ያንን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን አስቀመጠኝ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ጓዳ ገብቶ ያለቅሳል። «ይቅርታ ጠይቂና ክልከላው ይቅር» ይለኛል። የወንድሜን ልጅ ስለዳርኩ ይቅርታ አልጠይቅም። እንግዲህ እሱም አይለቅ፣ እኔም አልለቅ።

ልነግርህ ያልፈለግኩት እንዳትሰድበው ብዬ ነው። አሁንም እንዳትሰድበው።

ሌላም ነገር አለ። ባለቤቴ የእናንተን ጉባኤ ወረቀት ሁሉ ይሰበስባል፤ ስህተታችሁን ለመቁጠር። የመስከረሙን ቃለ ጉባኤ ጠረጴዛ ላይ ትቶት አገኘሁት። አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት ይላል። እኩል ቢሆን ኖሮ እንደሚወድቅ አንተም እኔም እናውቃለን። ከታች በትንሹ «አንድ አባል ድምፅ ሳይሰጥ ወጥቷል» የሚል አለ። ስም አልጻፉም።

አሁን የምጠይቅህን ፈርቼ ሳይሆን ደክሞኝ ነው የምጠይቅህ። እኔ ማዕድ አጥቻለሁ። ወደ እናንተ ልምጣ? ከመጣሁስ ወደ የትኛው፣ ወደ አሮጌው ቤት ነው ወይስ ወደ ጎማው መጋዘን? አሮጌው ቤት የጌታ ማዕድ የሌለበት ከሆነ፣ እንግዲህ ባለቤቴ ልክ ነው፣ የተቀመጥኩት ከከሃዲዎች ጋር ነው፣ አርፌ ልቀጣ። ያለበት ከሆነ ደግሞ አንተ ትተህ የምትወጣው ምኑን ነው?

አስበህ መልስልኝ። ተናደህ አይደለም፤ አስበህ።

እህትህ


ኅዳር 9

እታለም፣

አንብቤ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ያ ባልሽ... ጋሼ ማለት ዛሬ ከአፌ አይወጣልኝም። አልሰድበውም፤ እንዳልሰድበው ስላልሽኝ ብቻ። ሰባት ወር! ጨርቁን ተኩሰሽ!

በመጀመሪያ ግን የእኔን ጉድ ስሚ። ባለመነጽሩ ወጥ ቤት የነገረኝ ይኸውልሽ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት ቁጭ ብለው ቢሆን ኖሮ ወድቄ ነበር። እኔና ሚስቴ ሻንጣ አስረን ነው የጠበቅነው። ላመስግንዎት ወይስ ይቅርታ ልበልዎት አላውቅም» አለኝ። ስቆ ነው የነገረኝ እንኳ እንዳልል አልሳቀም። ደንግጬ አፌን ስከፍት የቱቦው ቆሻሻ ውሃ ገባብኝ።

ለእውነት ብዬ ወጣሁ፤ እውነት በአንድ ሰው አነሰች። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። ከአሥራ ሦስቱ የሚበዙት ጎርናና ድምፅ የሌላቸው፣ ነገር የማያውቁ የምላቸው ሰዎች ናቸው። ዝም ብለው ተቀምጠው እጃቸውን አወጡ። እኔ ደግሞ ንግግር አደረግኩ። እንዴት ያለ ንግግር ነበር መሰለሽ! አሁንም ሳስበው ያምረኛል፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ሁለተኛው ጉድ ይብሳል። የአንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ለባልሽ ስድብ የሌለበት ግን የሚያቃጥል መልስ ልጽፍ ወረቀት ፍለጋ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ለጎማው መጋዘን ያረቀቅኩት ደንብ እዚያ ነው። መስከረም ላይ የጻፍኩት ነው፣ ጋሼ አራተኛውን ሳይልክልኝ በፊት። ሦስተኛው አንቀጽ፣ በራሴ እጅ፣ በራሴ ቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት፣ «ከአሮጌው ቤት ጋር የሚካፈል ከእኛ ጋር አይካፈልም» ይላል። ልጄን ከማዕድ ከልክያት ቁጭ ብያለሁ፤ ያላወቅኩት የእሷን ስም ስላልጻፍኩበት ብቻ ነው።

ስለዚህ ባልሽን ከመስደብ ቀድሜ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ጥያቄሽን ግን በአንድ ቃል ልመልስልሽ አልችልም። ብችል ደስታዬ ነበር፤ አፌ ላይ ነው ያለው። በእኛ ሥርዓት ግን እንግዳን ወደ ማዕድ የሚቀበለው የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጉባኤ ነው፤ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ አይደለም። ሰባት ነን። ላቀርብ ነው። ታገሺኝ፤ ደግሞ አትጠራጠሪ፤ እኔ ያቀረብኩት ነገር ሲወድቅ የምታይው እኔ ከክፍሉ ስወጣ ብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ አልወጣም።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

እታለምዬ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። የጠየቅሽኝን በየተራው ልመልስልሽ፤ መጀመሪያ ግን ውሳኔውን፦ ነይ፣ ወደ አሮጌው ቤት።

አዎ፣ ይጠይቁሽ ይሆናል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በማን ታምኛለሽ፣ እምነትሽ በሕይወትሽ እንዴት ይታያል፣ እንደሱ ያለ ነው። አንቺ ልትጠይቂያቸው እንዳትጀምሪ እንጂ እነሱስ ምንም አይሉሽም።

ስብሰባው እንዲህ ሆነልሽ። ነገሩን አቀረብኩ። ልብስ ሰፊው ብድግ አለ። ሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ ሱሪዬን ሁሉ የሚያሳጥርልኝ እሱ ነው። «ሴትዮዋ ባቢሎን ብለውን ከወጡት ናት፤ መጀመሪያ ንስሐ ትግባ» አለ። ትንሽ አሰበና «ደግሞስ እኛው ልንወጣ አንድ ሳምንት ቀርቶን ለማን ነው እንግዳ የምንቀበለው?» አለ።

«እሺ» አልኩት። «የጌታ ማዕድ የት ነው?»

«ከመጪው እሑድ ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ነው።»

«ከመጪው እሑድ በፊትስ?»

ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ መጠቅለል ጀመረ።

«እስከ ቅዳሜ ማታ የጌታ የነበረ ማዕድ እሑድ ጠዋት የሰይጣን የሚሆነው በምንድን ነው? አንተ መጋዘን ስለተከራየህ?»

«ባለመነጽሩ ስላለ ነዋ!»

«ባለመነጽሩ አንድ ሰው ነው። የእምነት መግለጫው አልተለወጠም። እኔን ሐሰት ተናገር ያለኝ የለም፤ እውነቱን አትናገር ብሎ አፌን የዘጋኝም የለም፤ ቢሞክሩም አታውቁኝም እንዴ? ከሁለቱ አንዱ የመጣ ቀን እወጣለሁ፤ አንተን እንኳ አልጠብቅህም። ዛሬ ግን አልመጣም።»

«ፈራህ» አለኝ። በሰው ፊት። እኔ ለእናንተ ያልኳችሁን ነው ያለኝ፤ ስለዚህ ምን ብዬ ልቆጣ?

ተነስቼ ልናገር ወገቤ ከወንበሩ ለቀቀ። ከዚያ መልሼ ቁጭ አልኩ። ሰብሳቢው ድምፅ እስኪጠራ ሁለት ሰዓት ከምናምን ፈጀ፤ ሽንቴ መጥቶ እንኳ አልተነሳሁም። አራት ለሦስት አለፈ። አራተኛው እጅ የእኔ ነበር።

ልብስ ሰፊው አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ ይዞ ትናንት ወጥቷል። አሥራ አምስቱ ከእኔ ጋር ቀርተዋል። መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቱን ያዞራል። ያማል፣ አልዋሽሽም። ሰላምታዬን ግን አላቋረጥኩም፤ ጀርባውንም ቢሆን ሰላም እለዋለሁ።

አንቺ ደግሞ ኅብስቱን የሚቆርሰው ማነው ብለሽ ጠይቀሻል። ባለመነጽሩ ነው። አልደብቅሽም። «ቧንቧው ቢዝግ ውሃው ያው ነው» ብለሽ ልታጽናኚኝ ጽፈሻል፤ እታለም፣ የሙያዬን ነገር ለእኔ ተይልኝ፣ የዛገ ቧንቧ ውሃ ሆድ ይቆርጣል። ይልቅ እንዲህ በይ፦ ጋባዡ ሌላ ነው፣ አስተናጋጁ ሌላ ነው። እኛ የምንሄደው ጋባዡ ጋ ነው።

አስተናጋጁን ደግሞ አልተውኩትም። ይግባኜን ለጠቅላላ ጉባኤው ልኬያለሁ። አየሽ፣ ይግባኝ የሚል አባል ነው፤ ጥሎ የወጣ ሰው ይግባኝ የለውም። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ድምፄን ጥዬ የወጣሁት አባል እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ገጽ ሙሉ አልማርኳቸውም። አንዱን ቅጂ ለባለመነጽሩ በእጁ ሰጠሁት፤ ከጀርባ መክሰስ አልወድም። አነበበና «እንግዲህ ከሳሼ ነዎት ማለት ነው» አለኝ። «ነኝ» አልኩት። «ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ አብረን እንድናነብና እንድንጸልይ እመጣለሁ፤ ሁለቱም አይቀርልህም።» መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። እሄዳለሁ፤ ሁለት ማክሰኞ ሆነን። አባቱን ስለመቅበሩ ሲያወራ እኔም የእናታችንን ነገር አወራሁለት። ጠቅላላ ጉባኤው ትንሣኤን ያሻው ይመነው፣ ያሻው ይተወው ያለ ቀን እወጣለሁ። ንግግር አላደርግም። ድምፄን ሰጥቼ፣ ተቃውሞዬን አስመዝግቤ፣ ኮቴን ለብሼ። የማሸንፍ ግን ይመስለኛል። አሥራ ሦስት ሰው ያለ እኔ ጩኸት ቆሞ ነበር እኮ።

ልጄ አልጋ አዘጋጅታልሻለች። አውቶቡሱ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚገባው፤ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ወፍራም ልብስ ያዢ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ይበርዳል።

ጋሼን በተመለከተ። እስከ ደጁ ሊሸኝሽና ውጭ ቆሞ ሊጠብቅሽ ፈቅዷል ብለሽ ጽፈሻል። ይምጣ እንጂ! ስልሳ አምስት ዓመት ሞልቶት ሁለት ሰዓት አይቆምም፤ ከመስኮቱ ስር፣ ፀሐይ ካለበት፣ ወንበር አወጣለታለሁ። መስኮቱንም እከፍትለታለሁ። አብሮን አልዘመረም፣ አብሮን አልተቀመጠም፣ ሕሊናው ንጹሕ ነው፤ ማንም አይከሰውም። ስብከቱን ግን በደንብ ያዳምጥ፤ እስክሪብቶ ይያዝ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ስህተት ለቅሞ በመጻፍ እንደ እሱ ያለ ሰው የለም፤ ለይግባኙ ይጠቅመኛል። ከጋሼ የመጣ ነው ብዬ በስሙ ነው የማቀርበው።

ወንድምሽ